የሚሸተው ዓሣው አይደለም

ባሕር ዳር ጠዋት ጠዋት ዓሣ በሚራገፍበት ዳርቻ ውሻ አይታጣም። ጀልባዎቹና የደንገል ታንኳዎቹ ሌሊት መረብ ውስጥ ያደረውን ይዘው ሲጠጉ፣ ቢላ የያዙ ወጣቶች ቀረሶውን ይቀርፋሉ፣ አምባዛውን ይገፍፋሉ፣ ነጭ ዓሣውን ይሰነጥቃሉ። ሆድ ዕቃው፣ ቅርፊቱና ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይጣላል፤ ፔሊካን ከውኃው በኩል፣ ውሻ ከየብሱ በኩል ይሻማበታል። ረፈድ ሲል ውሻው ድርሻውን በልቶ፣ አፉን ልሶ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ልጆች ሊያጫውቱት ሲጠጉ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ። «ዓሣ በልቶ ነው» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ዓሣ በማይደርስበት ሰፈር ያለ ውሻ ሲሸት ደግሞ ሌላ ምክንያት አይጠፋለትም፤ ሥጋ በልቶ ነው፣ ቆሻሻ አገላብጦ ነው፣ ወይም ከሁሉ አጭሩ፦ ውሻ አይደል፣ ይሸታል። ይህ ምዕራፍ የሚሟገተው ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ነው። የጤነኛ ውሻ አፍ ሽቶ ሽቶ አይልም፤ ግን የሰው ፊት አያዞርም። ከሩቅ የሚያሸሽ፣ ለቀናት የማይለቅ ጠረን ያለው ውሻ ታሟል። አብዛኛውን ጊዜም ያመመው ድዱ ነው።

ልዩነቱን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል። የምግብ ሽታ ከምግቡ ጋር መጥቶ ከምግቡ ጋር ይሄዳል፤ ውሻው ውኃ ሲጠጣና ምራቁ አፉን ሲያጥበው በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሻውን ለሁለት ለሦስት ቀን ከዳርቻው ከልክሎ፣ ቤት ያለውን እያበሉ ማየት ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ገና ምንም ሳይቀምስ፣ አፉ ያው ከሆነ ጥፋቱን ዓሣው ላይ መጫን አይቻልም።

ያደገ ውሻ 42 ጥርስ አለው፤ ከሰው በ10 ይበልጣል። እያንዳንዱን ጥርስ ምራቅ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ሽፋኑ ላይ ባክቴሪያ ይሰፍራል፤ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ነጫጭና ለስላሳ ንብርብር ይሆናል። ሐኪሞች ፕላክ ይሉታል። ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ይህንኑ ከሰው ጥርስ ፍቆ በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መነጽር ሲመለከት የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አየ። የሰው ልጅ ስለ ባክቴሪያ ከጻፋቸው የመጀመሪያ ምስክርነቶች አንዱ የተገኘው ከጥርስ ቆሻሻ ነው ማለት ነው።

ፕላኩ ሳይፋቅ ከቆየ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይገባበትና በሁለት በሦስት ቀን መጠንከር ይጀምራል። ያኔ ታርታር ይሆናል፤ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ሻካራ፣ በጨርቅ የማይለቅ። ሻካራነቱ ደግሞ ለአዲስ ፕላክ ምቹ መቀመጫ ነው። የውሻ ምራቅ ከሰው ምራቅ ያነሰ አሲድነት አለው፤ ይህ ለእንስሳው በአንድ በኩል ደግ፣ በሌላ በኩል ክፉ ነው፦ ሰውን የሚያሠቃየው የጥርስ መቦርቦር በውሻ ላይ ብዙ አይታይም፤ በምትኩ ታርታሩ ቶሎ ይጋገራል። ከሁሉ በላይ የሚከመረውም የምራቅ ቱቦዎች በሚከፈቱበት አካባቢ፣ በላይኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች ላይ፣ በጉንጭ በኩል ነው። የፊት ጥርሶቹን ብቻ አይቶ «የኔ ውሻ ጥርሱ ነጭ ነው» የሚል ባለቤት የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽታው ራሱ የሚመጣው ከድድ ሥር ነው። እዚያ አየር ስለማይደርስ አየር የማይሹ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። የምግብ ትራፊ፣ የሞተ ሕዋስና ደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይበላሉ፤ በፕሮቲኑ ውስጥ ያለውን ድኝ ወደ ጋዝ ይለውጡታል። አንደኛው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ሲሰበር የሚሸተው እርሱ ነው። ሌላው ሜቲል መርካፕታን ይባላል፤ ከመጀመሪያው አይሻልም። ስለዚህ ከውሻው አፍ የሚወጣው ጠረን በድዱ ሥር ምን እየተካሄደ እንደሆነ የሚናገር የሕመም ምልክት ነው። በሽታው ሳይነካ ሽታውን ብቻ ማጥፋት ለውሻው ምንም አይጠቅመውም።

መጀመሪያ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። እስከዚህ ያለው በጽዳት ይመለሳል። ከዚህ ካለፈ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመሃል ኪስ ይፈጠራል፤ ኪሱ መግል ይቋጥራል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ይበላል። የተበላ አጥንት አይመለስም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው የአበው አነጋገር በዚህ ጊዜ ውሻው አፍ ውስጥ ይሠራል፤ ለስላሳው ፕላክ በቀደደው በኩል ጥርስ የሚነቅል፣ መንጋጋ የሚበላ ኢንፌክሽን ይገባል። ባክቴሪያው ከቆሰለው ድድ ወደ ደም ይሻገራል፤ የውሾች የአፍ ሕመም በከፋ መጠን በልባቸው፣ በጉበታቸውና በኩላሊታቸው ላይ የሚታየው ለውጥ እየበዛ እንደሚሄድ የእንስሳት ሐኪሞች መርምረው ጽፈዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ውሻው አይጮኽም። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ደግ ሰዎች የሚታለሉት እዚህ ነውና። ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ሲያቃስት ያድራል። ውሻ ግን ሕመሙን ይደብቃል፤ ረሃቡ ከሕመሙ ስለሚበልጥ መብላቱንም አይተውም። «ይበላል እኮ፣ ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው አበላሉን ላስተዋለ ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝካል። የጎረሰውን ይጥልና መልሶ ያነሳል። ይወደው የነበረውን አጥንት ትቶ ለስላሳውን እንጀራ ይመርጣል። ጭንቅላቱን ሊዳብሱት እጅ ሲዘረጋ ይሸሻል፤ ጠባዩ የከፋ ይመስላል። ከዐይኑ ሥር ድንገት ሲያብጥ ደግሞ ድንጋይ ተወርውሮበት ወይም ንብ ነድፎት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የላይኛው ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ሥሩ መግል ቋጥሮ ነው። የጥርስ ሕክምና የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚሉት ሦስት ዓመት ከሞላቸው ውሾች አብዛኞቹ በአንድ ወይም በሌላ ደረጃ የድድ በሽታ አለባቸው። ሦስት ዓመት ለውሻ ገና ጉብዝና ነው።

አፈሙዙ ረዘም ያለው የአገራችን ውሻ በዚህ ረገድ ትንሽ ዕድለኛ ነው፤ ጥርሶቹ የሚደላደሉበት ቦታ አላቸው። በየከተማው በየሳሎኑ የሚያድጉት ትንንሾቹ የውጭ ዝርያዎች ግን ያንኑ 42 ጥርስ በጠባብ አፍ ውስጥ አጭቀው ይዘዋል። ጥርስ ከጥርስ ሲደራረብ በመሃሉ የሚቀረውን ምራቅም ምላስም አያጸዳውም። እነዚህን የሚያሳድግ ሰው ከሌላው ቀድሞ ሊጠነቀቅ ይገባል።

ወደ አጥንት እንምጣ። በአማራ ምድር ያደገ ሰው ስለ ውሻ ጥርስ ቢጠየቅ መልሱ አጥንት ነው፤ አጥንት ሲግጥ ጥርሱ ይጸዳል። የውሻው ማዕድ እንደ ባለቤቱ የጾምና የፍስክ ቀን ስለሚከተል አጥንቱም በወረት ይመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ውሻውም በሽሮና በእንጀራ ይከርማል። ፋሲካ ሲደርስ የበጉ፣ የበሬውና የዶሮው አጥንት በአንድ ቀን ግቢውን ይሞላዋል።

አጥንት ያጸዳል የሚለው እምነት መሠረት የለውም ማለት ሐሰት ይሆናል። ብራዚል ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ጥሬ የበሬ አጥንት የተሰጣቸው ቢግል የተባሉ ውሾች ታርታራቸው በቀናት ውስጥ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። ችግሩ ሌላ ነው። ታርታር መቀነስና ድድ መዳን አንድ አይደሉም፤ አጥንት የሚፍቀው ከድድ በላይ ያለውን ነው፣ በሽታው ያለው ከድድ በታች ነው። ተኩላ የሚባለውን የአፍሪካ የዱር ውሻ ማየት ይበቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ጥሬ ሥጋና አጥንት የሚበላ፣ ሽሮ የማያውቅ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት የ29 ተኩላዎችን የራስ ቅል መርምሮ 41 በመቶው ላይ የድድና የመንጋጋ አጥንት በሽታ ምልክት፣ 48 በመቶው ላይ የተሰበረ ጥርስ አግኝቷል። ተፈጥሮ ለተኩላው የጥርስ ሐኪም አልሆነችለትም።

የሚሰበረው ጥርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ በላይኛው መንጋጋ ከዐይን በታች ያለው፣ ውሻው እንደ መቀስ ሥጋ የሚቆርጥበት ትልቁ ጥርስ። የበሬ ጭን አጥንት ሲጫነው ጎኑ ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ ውስጡ ያለው ሥጋና ነርቭ ይጋለጣል፤ ባክቴሪያ በዚያ ይገባል። የበሰለ አጥንት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ስለሚደርቅ ሲነከስ በስለት ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። የዶሮ ወጥ አጥንት ከሁሉ የከፋ ነው። ሐኪሞች የሚሰጡት መለኪያ ቀላል ነው፦ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ምንም የማይል ነገር ለውሻ ጥርስ ጠንካራ ነው።

የጣና ዳር ውሻ የዓሣ አጥንትም አለበት። ነጭ ዓሣ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት፤ አምባዛ ደግሞ በደረቱ ክንፎች ላይ መጋዝ የመሰለ ጠንካራ እሾህ ይይዛል። እነዚህ በጥርስና በጥርስ መካከል ወይም በላንቃ ላይ ተሰክተው ይቀራሉ። ትናንት ደኅና የነበረ ውሻ ዛሬ ድንገት ክፉ ቢሸት፣ አፉን በእግሩ ቢፍቅ፣ በአንድ በኩል ልጋግ ቢያዝረበርብ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ይኸው ነው። በዚህ ረገድ ብቻ ዓሣው ተጠያቂ ይሆናል፤ ያውም በአጥንቱ።

እንዲህ ያለውን ውሻ ግን አፉን ከፍቶ ለማየት መቸኮል ሕይወት ያስከፍላል። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ እንስሳ አንዳንዴ አይናከስም፤ መንጋጋው ሽባ ሆኖ ይንጠለጠላል፣ ልጋጉ ይወርዳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይቀየራል። የሚያየው ሰው «አጥንት ተቀርቅሮበት ነው» ብሎ ያዝንለትና እጁን ይሰዳል። በሽታው በምራቅ ስለሚተላለፍ እጅ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ትበቃለች። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ በሽታው ሰውንም ውሻንም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1903 የውሻ እብደት ወረርሽኝ መነሣቱ ተመዝግቧል፤ በዓለም ዙሪያ ዛሬም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል፤ አብዛኛው ሟች በእስያና በአፍሪካ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የአፍ እንክብካቤ የሚጀምረው ከክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይደገማል። ያልተከተበ ወይም ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም። የተነከሰ ወይም ምራቅ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የተከተበና ባለቤቱን የለመደ ውሻ ከሆነ ግን መከላከሉ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይፈልግም። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ዳር የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ገዝቶ ጥርሱን እየፋቀ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ ጥርስን የሚያጸዳው መፋቁ ነው። ፕላክ ለስላሳ ሳለ ከተነካ ይነሳል። ለውሻ መፋቂያ እንጨቱ አይሆንም፤ ስንጥሩ ድድ ውስጥ ይቀራል፣ ቢውጠውም ይጎዳዋል። የሚያስፈልገው ጣት ላይ የተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ፣ በኋላም ለስላሳ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ ነው።

የሚበላሸው በመቸኮል ነው። በመጀመሪያው ቀን አፉን ፈልቅቆ ብሩሽ የሚያስገባ ሰው ለሁለተኛ ቀን ውሻውን አያገኘውም። የመጀመሪያው ሳምንት ማለማመጃ ነው፤ ውሻው ሲረጋጋ፣ ምሽት ላይ፣ ከንፈሩን ከፍ አድርጎ ጥርሱን በጣት መንካት፣ ማመስገን፣ መተው። ቀጥሎ በውኃ የረጠበ ጨርቅ ይገባል። ጨርቁን ከተቀበለ ብሩሹ ይከተላል። አፉን መክፈት አያስፈልግም፤ ምላሱ በውስጥ በኩል ያለውን ስለሚጠርግ ብሩሹ የሚሠራው ከንፈር ተነሥቶ በሚታየው በውጪው ጎን ነው፣ ከሁሉ በላይም በላይኛው የኋላ ጥርሶች ላይ። ብሩሹ ወደ ድዱ ጫፍ ዘንበል ብሎ በቀስታ ይዞራል። ለሁለቱም ጎን አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ትንሽ ደም ቢታይ ድዱ መቆጣቱን ያመለክታል፤ ደሙ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላም ካልቆመ ሐኪም ይየው። በየቀኑ መፋቅ ከሁሉ ይበልጣል፤ በሁለት ቀን አንዴም ይጠቅማል፤ በሳምንት አንዴ ግን ታርታሩ ቀድሞ ስለሚጠነክር ድካም ብቻ ነው። ቡችላ ወተት ጥርሱን የሚቀይረው ከ4 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ድዱ ስለሚያመው ማለማመዱ ከንፈሩን በመንካት ብቻ ይወሰን። አፉ በዚያ ሰሞን ትንሽ ቢሸትና የሚያኝከው ነገር ላይ ደም ቢታይ አያስደነግጥም።

የሰው የጥርስ ሳሙና ለውሻ አይሆንም። ውሻ አረፋውን መትፋት አያውቅም፤ ፍሎራይዱንም ማጠቢያውንም ይውጠዋል። አንዳንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዳንዱ የአፍ ማጠቢያና ስኳር አልባ ማስቲካ ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለው። ሰው ላይ ምንም የማያደርሰው ይህ ነገር ውሻ ሲውጠው ኢንሱሊኑን በአንዴ ያስረጨዋል፤ በደሙ ያለው ስኳር ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ ያሽቆለቁላል፤ መጠኑ ከበዛ ጉበቱንም ያጠፋዋል። ለውሻ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ሽታውን ለመሸፈን ሰዎች የሚሞክሩት የጓዳ መድኃኒትም አለ። ነጭ ሽንኩርት ይሰጠዋል፤ ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፣ ስለዚህ ቁሌቱ የበዛ የወጥ ትራፊ ራሱ ለውሻ ክፉ ምግብ ነው። በአረቄ አፉን ማጠብ መርዝ ማጠጣት ነው። የዘጌ ቡና ለሰው ደግ ነው፤ አተላው ውስጥ የሚቀረው ካፌን ግን የውሻን ልብ ያስጨንቃል። ብዙ ጨው ያለበት ውኃም ሲዋጥ ይመርዛል።

ታርታሩ አንዴ ከጠነከረ ብሩሽ አያነሳውም። በቢላ ወይም በሚስማር መፋቅ ደግሞ ጥርሱን ይቧጭራል፣ ድዱን ያቆስላል፣ ውሻውን ያሠቃያል፤ ከድድ ሥር ያለውን ግን አይነካውም። ትክክለኛው ሕክምና ውሻው በማደንዘዣ ተኝቶ የሚደረግ ነው። ሐኪሙ በንዝረት በሚሠራ መሣሪያ ታርታሩን ያነሳል፣ ኪሶቹን በመለኪያ ዘንግ እየለካ ከድድ በታች ያጸዳል፣ የሻከረውን ጥርስ ያለሰልሳል፤ ኤክስሬይ ካለ ሥሩንና አጥንቱን ያያል። የማይድነውን ጥርስ ይነቅላል። ባለቤቶች ጥርስ ሲነቀል ይከፋቸዋል፤ ውሻው ግን ከሚያመው ጥርስ ይልቅ ያለ ጥርስ ይሻለዋል። በርካታ ጥርስ የተነቀለለት ውሻ ድዱ ሲድን በደንብ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ቤተሰቡም ጠባዩ የተበላሸው ከሕመም እንደነበር ያኔ ይረዳል። ማደንዘዣ ያስፈራል፤ ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ልቡንና ደሙን ይመረምራል። ሳያደነዝዙ ከላይ ከላይ መፋቅ እንደማይገባ የዓለም የትንንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በጥርስ ሕክምና መመሪያው አስፍሯል።

አንቲባዮቲክ ብቻውን ሕክምና አይደለም። መርፌው ወይም ኪኒኑ ለጥቂት ቀን ሽታውን ያበርደዋል፤ ታርታሩ ግን በቦታው ስላለ ባክቴሪያው ተመልሶ ይሰፍራል፣ ምናልባትም መድኃኒቱን ለምዶ። ደጋግሞ መርፌ ከማስወጋት ለአንድ የደንብ ጽዳት ገንዘብ ማጠራቀም ይሻላል።

የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ያደገው ከብትን ለማዳን ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ስለጨረሰ ነበር፤ ሙያው ፊቱን ወደ ከብት ማዞሩ አይገርምም። የውሻ ጥርስ እስካሁን ተራው አልደረሰውም ማለት ይቻላል። ቢሆንም በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያሠለጥናሉ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዘንዘልማ ግቢው ውስጥ የእንስሳት ሳይንስና ሕክምና ያስተምራል። ባለቤቶች ከጠየቁ አገልግሎቱ ይመጣል፤ ሳይጠየቅ ግን ማንም ክሊኒክ ለውሻ ጥርስ መሣሪያ አይገዛም። ለዚህም ሲባል ባለቤት ለክትባት በሄደበት ቀን «አፉንም ይዩልኝ» ማለት አለበት።

ሽታ ሁሉ ግን ከድድ አይደለም፤ አፍንጫ ያለው ሰው ልዩነቱን ይለያል። የሽንት ወይም የአሞኒያ ጠረን ካለው፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነና ከከሳ፣ ኩላሊቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ጠረን የስኳር በሽታ መባባስ ምልክት ነው፤ ይህ ቀጠሮ የማይሰጠው ድንገተኛ ነው። ያልተከተበ ቡችላ ደም የቀላቀለ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥና ትውከት ከያዘው ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ይጠረጠር። አንድ ቦታ ላይ ያበጠና የሚደማ ሥጋ አፉ ውስጥ ከታየ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

አንድ ደግሞ ጣና ዳር ያለውን ሰው በተለይ የሚያሳስት አለ። ውሻ ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉት፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ቁርጥ የዓሣ ሽታ አለው። ከረጢቶቹ ሲደፈኑ ውሻው መቀመጫውን መሬት ላይ ይጎትታል፣ ደጋግሞም ይልሰዋል፤ አፉም ዓሣ ዓሣ ይላል። ዓሣ ሳይቀምስ የከረመ ውሻ ዓሣ ከሸተተ ሐኪሙ የሚያየው ጅራቱን አንሥቶ ነው።

ስለ አፉ ሲነሳ አፉ የሚገባውም ነገር ይነሳል። በጓሮ በግ ወይም በሬ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይወረወራል። ያ የቋጠረው ነገር ሃይዳቲድ የሚባል የኮሶ ትል ዕጭ ነው፤ በባሕር ዳር ቄራ በታረዱ እንስሳት ላይ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ራሱን ሲልስ ወደ አፉና ወደ ጸጉሩ ይዛመታል፣ በልጆች እጅ ወደ ሰው ይሻገርና በጉበትና በሳንባ ላይ ያንኑ ቋጠሮ ያበቅላል። እንዲህ ያለው ጉበት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻ የትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጠው፤ አፉን የፋቀለት ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ውሻ ያለው ሰው ይህን ምዕራፍ ሲጨርስ አንድ ነገር ያድርግ፤ ውሻው ተከትቦ ከሆነ ዛሬ ማታ በብርሃን ከንፈሩን አንሥቶ የላይኛውን የኋላ ጥርሶች በሁለቱም በኩል ይመልከት። ጥርሱ ነጭ፣ ድዱ ሐመር ሮዝ ከሆነ ነገ በረጠበ ጨርቅ ይጀምር። ድዱ ጠርዙ ላይ ቀልቶ ከሆነ፣ ቡናማ ታርታር ከተጋገረ ወይም የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰደው። ያልተከተበ ከሆነ ደግሞ ከንፈሩን ከማንሣቱ በፊት ያስከትበው።